የአውድማው ግዝት

«ዳኝነቱንም ጠብመንጃውንም ለአንድ ሰው?» ያለው ማን እንደ ነበር ቄስ ጌታነህ ዛሬ አያስታውሱም። ሌባ በበዛበት ዓመት፣ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሲማከሩ ነው የሰሙት። «እህሉ እስኪገባ ብቻ ነው» የሚል ሌላ ድምፅም ነበር። የቀረው ጠፍቷቸዋል። እሳቸው አጥሩ ውስጥ ቆመው ዝም ማለታቸው ግን አልጠፋቸውም።

እህሉ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ጊዜ ገብቷል።

የሰደፉ ድምፅ አባነናቸው። ይርዳው አውድማው መሀል ተንበርክኳል፤ ቀኝ እጁ ድንጋይ ላይ በጠፍር ታስሯል። ሁለቱ ጣቶቹ የጣት መልክ የላቸውም። አገሬው እንዲያይ ታዞ ዙሪያውን ቆሟል። ንፋስ መውጫ ከተማ ለመንግሥት ሊያደርሰው የነበረው አቤቱታ ከኪሱ ተገኝቷል፤ ሃያ ሦስት የአውራ ጣት አሻራ አለበት፣ አንድም ስም የለበትም።

«ማን ጻፈው?» አለ ያኔ ዳኝነቱንም ጠብመንጃውንም የተረከበው ተሻገር፣ ላቡን እየጠረገ።

«ፊደል ያልቆጠረ ሰው ትጠይቃለህ?» አለ ይርዳው ደም እየተፋ። «አንተም እንደኔው ነህ። ያነበበልህን ጠይቀው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ሰደፉ ወረደ። ሦስተኛው ጣት እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰበረ፤ የይርዳው ሚስት ስንዱ ልትሮጥ ስትል አንዱ ታጣቂ በነጠላዋ አንቆ ያዛት።

«አባ! ስለ ኪዳነ ምሕረት!» አለች።

አቤቱታውን የጻፉት ቄስ ጌታነህ ናቸው፣ እንዳይታወቅ በግራ እጃቸው። አሻራውንም በየቤቱ እየዞሩ የሰበሰቡት እሳቸው ናቸው። «እኔ ነኝ» ቢሉ ቀጣዩ ጥያቄ የሃያ ሦስቱ ስም ነው። ይርዳው ይህን ያውቃል፤ ቀና ብሎ አያቸውና ራሱን ነቀነቀ። ይተዉ ማለቱ ነው።

ተሻገር ወደ ቄሱ ዞረ።

«አባ፣ እዚህ አገር ዳኛውም እኔ፣ ፖሊሱም እኔ። እጄ ያልደረሰው ሰማይ ብቻ ነው፤ እሱን እርስዎ ያግዙኝ። ይኼን የጻፈ ቤተ ክርስቲያን እንዳይረግጥ፣ ሲሞትም ፍትሐት እንዳያገኝ ይገዝቱልኝ። ያኔ ይኼን ውሻ እለቀዋለሁ። የቀረው የእግዜር ነው።»

«ባልገዝትስ?»

«ሰባት ጣት ይቀረዋል። ከዚያ አንገት አለው።»

ቄስ ጌታነህ ከዛፎቹ በላይ የሚታየውን ጉልላት አዩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የቀደሱበት ነው። ግዝት ስም ባይጠራበትም ባለቤቱን አይስትም፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ይህን ሲያስተምሩ የኖሩት። የተሻገር ሰደፍ ለአራተኛው ጣት ተነሣ።

«ቆይ» አሉ።

መስቀላቸውን ከብብታቸው አወጡ። ሳሙት፤ ከንፈራቸው ላይ አቆዩት።

«እሺ፣ ተሻገር። መጀመሪያ ፍታው፤ እገዝታለሁ።»