የከሎደን ስም ጥሪ

የንጉሡ ጦር ቅድመ አያቶቻችንን በፈጀበት በከሎደን ሜዳ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ እንሰበሰባለን። መምህር ሄክተር ቅድመ አያቱ ስለ ጦርነቱ በእጃቸው ከጻፉት መጽሐፍ የሰፈራችንን አሥራ ሰባት ሟቾች ስም ያነባል። አንዱ ሲጠራ ዘመዱ «የእኛ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁሉም ወንዶች ናቸው።

ዘንድሮ አጠገቤ የቆመችው እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት የልጅ ልጄ ኢሽቤል ናት። ውትድርና ተመዝግባ ሰኞ ትሄዳለች።

«ኮትሽን ቆልፊ፣ ብርድ ይመታሻል።»

«አያቴ ደግሞ! ግንባር ድረስ መጥተሽ ልትቆልፊልኝ ነው?»

«ከፈቀዱልኝማ እመጣለሁ።»

አሥራ ሰባተኛው ስም ተጠርቶ መልስ ተሰጠ። መምህር ሄክተር ግን መጽሐፉን አልዘጋም። ገጹን ገለጠና «ኢሽቤል፣ የኤፊ የልጅ ልጅ» ብሎ አነበበ።

ኤፊ እኔ ነኝ። ቀርቤ አየሁት። ቀለሙ እንደ ሌሎቹ ስሞች ደብዝዟል።

«ማንም እንዳይመልስ!» ብዬ ጮህኩና ተመልሼ ልጄን እቅፍ አደረግኋት። ማንም አልመለሰም፤ የአንድም ሰው ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። ከእግራችን በታች ግን፣ ከሣሩ ሥር፣ ብዙ ወንዶች በአንድ ድምፅ «የእኛ ናት» አሉ።