አራት አልጋ ለትሪግላቭ

«ትሪግላቭን እኔ ዓይኔን በጨርቅ ቢያስሩኝም እወጣዋለሁ» አለች ኔዣ፣ የተራራ ማኅበሩን በር በትከሻዋ እየገፋች። «ሁለት ጊዜ ጫፉ ላይ ቆሜያለሁ። ዘንድሮ ደግሞ ልጆቹን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ።»

እትዬ ሎይዝካ ከመዝገቡ ቀና አላሉም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚያች ጠባብ ክፍል ቁጭ ብለው፣ የአገሩ ረጅሙ ተራራ ትሪግላቭ ወገብ ላይ ላለው ማደሪያ አልጋ የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት ሃያ በጋ ሙሉ በዚያው ማደሪያ ኩሽና የገብስ ሾርባ ሲያማስሉ ኖረዋል። ከመንደሩ ማን እንደወጣ፣ ማን ግማሽ መንገድ ላይ ሆዴን ብሎ እንደተመለሰ አሳምረው ያውቃሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ፊት አይዋሽም። ኔዣ ግን ዓይኗን በጨው ታጥባ ነው የመጣችው።

አራት አልጋ ፈለገች፣ ለነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ። ሴትዮዋ ዋና ከተማው ሉብሊያና ያለው ሕዝብ ሁሉ ያንን ቅዳሜ እንደሚፈልግ፣ ስልኩም ከጠዋት ጀምሮ ዝም እንዳላለ፣ ስም የሌለው አልጋ ደግሞ ወዲያው ለሌላ እንደሚሰጥ ነገሯት። ኔዣ ምን ገዷት። ደብተሯን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

ሁሉም ነገር በሁለት ቀለም ተጽፏል። ስንት ሰዓት እንደሚነሱ፣ ዳቦውን ማን እንደሚሸከም፣ ቋሊማውን ማን፣ ዝናብ ከመጣ የት እንደሚጠለሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ለእሷና ለሦስት ጓደኞቿ አራት አልጋዎች ጎን ለጎን ተስለዋል። ኦዥቤይ በር በኩል፣ ታያ መስኮት በኩል፣ ብሪና ከታያ አጠገብ። ራሷን መሃል አድርጋለች። ይህንን ስትስል ሁለት ማታ ፈጅቶባታል።

«ስም» አሉ እትዬ ሎይዝካ።

ሦስቱን ስም ጠራችላቸው። ሴትዮዋ እርሳሳቸውን ወደ ወረቀቱ ሰደዱና መሃል መንገድ ላይ አቆሙት። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ገለጡ። በጣታቸው አንድ መስመር ተከትለው ወረዱ።

«እነዚህማ ተመዝግበዋል» አሉ። «ማክሰኞ ሦስቱም አብረው መጥተው ነበር። የሚሄዱት ካንቺ ቅዳሜ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ነው።»

ኔዣ አንገቷን አስግጋ አየች። የታያ ጽሑፍ ነው፣ ሆዱ ያበጠው የታያ ፊደል። ሦስት ስም፣ ሦስት አልጋ። ከሰኔ ጀምሮ በስልክ የጋራ መልእክታቸው ላይ «እኔ እመራችኋለሁ፣ ዝም ብላችሁ ተከተሉኝ» እያለች ስትጽፍላቸው ነበር። አይተውታል። ማየታቸውን ስልኩ ራሱ ያሳያል። መልስ ሲጠፋ ፈተና ነው አለች፣ ከዚያ ባሕር ሄደው ነው አለች፣ ከዚያ ምንም ማለት ተወች።

«አዎ፣ እሱማ ነግረውኛል» አለች። «ረስቼው ነው። ለሥልጠና ነው እነሱ ቀድመው የሚሄዱት።»

«ለሥልጠና።»

«አዎ።»

ስልኩ ጮኸ። እትዬ ሎይዝካ አነሱትና ለደወለው ሰው ትንሽ እንዲታገስ ነገሩት፤ ለነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ ሦስት አልጋ ሊለቀቅ ይችላል አሉት። ኔዣ ደብተሯን ቀስ ብላ አጠፈች። የተሳሉት አልጋዎች ያሉበት ገጽ ግን እምቢ ብሎ ብቅ አለባት፤ በመዳፏ ተጫነችው።

«አንዱን ይያዙልኝ» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነባት። «ብቻዬን እሄዳለሁ። መንገዱ እንደሆነ አዲሴ አይደለም።»

ሴትዮዋ እርሳሱን አስቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዩት።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጫፉ ላይ በገመድ ማን ነው የገረፈሽ?»

እዚያ አገር ልማዱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፍ የደረሰ ሰው፣ ሚኒስትርም ይሁን ሙሽራ፣ እዚያው ጎንበስ ይላል፣ አብሮት የወጣ ሰው መቀመጫውን በገመድ ይመታዋል። ማን እንደመታው እስከ ዕድሜ ልኩ አይረሳውም። ራሱን በራሱ የሚመታ ደግሞ የለም። ኔዣ ለሌላው ጥያቄ ሁሉ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ይህቺ ግን አምልጣታለች።

«አባቴ» አለች።

ከዚያማ አፏ ራሱ ሄደ። ጉሙ እንዴት በአንድ ጊዜ እንደተገለጠ፣ ጫፉ ላይ ያለችው የብረት ማማ እጅ እስክታደነዝዝ እንዴት እንደምትቀዘቅዝ፣ ከወዲያ ባሕሩ እንደ ቢላ ስለት እንዴት እንደሚያበራ፣ አባቷ እየሳቀ ሦስት ጊዜ እንደመታት አወራች። አንዲት ቃል አልተደናቀፈችም። እንዴት ትደናቀፋለች? አባቷ ለሥራ ወደ ኦስትሪያ ሳይሻገር፣ ስልኩም በየእሑዱ መሆኑ ቀርቶ በየገናው ሳይሆን በፊት፣ ማታ ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲነግራት ያደገችው ነው። ጉሙም፣ ማማዋም፣ ባሕሩም የእሱ ናቸው። እሷ ያደረገችው ቢኖር ራሷን እዚያ መጨመር ብቻ ነው።

እትዬ ሎይዝካ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «አባትሽ ከማደሪያው በላይ አንድ እርምጃ አልሄደም። ገደሉን ሲያይ ድንጋይ አቅፎ አለቀሰ። ቀበቶውን ይዤ ያወረድኩት እኔ ነኝ።»