ለመንገደኛ የማይሰጥ ጽዋ

ባሏ ጠዋት ከአሜሪካ ደውሎ፣ ፋይሏ ኤምባሲ ስለገባ በዚህ ወር ለቃለ መጠይቅ እንደምትጠራ ነገራት። ጉዳዩን የያዘላቸው ጠበቃ ደግሞ ፋይሉ ገና ተራ እየጠበቀ መሆኑን ጻፈላት። ሁለቱም የሰሙትን ነው የተናገሩት። ከሰዓት በኋላ አዳማ፣ ጎረቤት ቤት፣ ከማርያም ማኅበርተኞች መካከል ስትቀመጥ የትኛውን እንደምታምን አላወቀችም ነበር።

ጸሎቱ አልቆ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ደጋሽ የሚሰጥበት ሰዓት ደረሰ። ተራው የእሷ ነበር፤ እንደ ወትሮው ግን «መንገደኛ ናት» ብለው ዘለሏት።

«የእኛ አሜሪካዊት ሻንጣዋን አዘጋጅታ ተቀምጣለች፤ ድግሱን በማን ላይ ጥላ ልትበር ነው?» አሉ እትዬ ዘርፉ። ሴቶቹ ሳቁ።

እሷም ሳቀች። በየወሩ ስሟን ጠርተው ቪዛዋ እንዲመጣላት የሚጸልዩት፣ ብቻዋን እንዳትበላ በሯን የሚያንኳኩት እነሱ ነበሩ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያስተናግዷት እሷ አንድም ቀን አላስተናገደቻቸውም። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ በፊቷ ሲያልፍ ብድግ አለች፤ ነጠላዋን አደግድጋ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ምነው ልጄ?» አሏት እትዬ ዘርፉ።

«የሚቀጥለውን ወር የምደግሰው እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች። «ቪዛው ከመጣም፣ እኔ እንደጠበቅኩት እሱም ትንሽ ይጠብቀኝ።»