ከድንጋዩ ሥር

ተማሪዋ ትንቢት፣ ጨለለቅቱ ከተማ አጠገብ ካለው ቡና ማጠቢያ በታች፣ ወንዙ ውስጥ ቆማ ድንጋይ እያገላበጠች ነበር። ማጠቢያው እጣቢውን ወደ ወንዙ መልቀቅ ትቶ በጉድጓድ ማጠራቀም ከጀመረ ዓመት ሆኖታል፤ ወንዙ አገግሞ እንደሆነ ልታጣራ ነው ከዲላ ዩኒቨርሲቲ የመጣችው። የወንዙ ዳር መሬት ባለቤት አቶ ጅግሶ ከእንሰታቸው ሥር ሆነው ሲታዘቧት ቆዩ።

"ወርቅ ነው የምትፈልጊው፣ ልጄ?"

"ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ አባባ።"

አንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ስታነሳ ጥፍር የምታህል ሸርጣን ወደ ጎን ሮጠች። ትንቢት በመዳፏ አፈሰቻትና ጠርሙሷን ከፈተች። ያለ ናሙና መምህሯ ጥናቷን እንደማይቀበሏት ታውቃለች።

ሽማግሌው ወርደው ጎንበስ ብለው አዩ። "ልጆቼ ይቺን አያውቋትም" አሉ ቀስ ብለው። "ስንት ዘመን ጠፍታ የመጣች እንግዳ ትታሰራለች እንዴ?"

ትንቢት ትንሽ አመነታች። ከዚያ በስልኳ ፎቶ ብቻ አነሳቻትና መዳፏን ውሃው ውስጥ ዘረጋች። ሸርጣኗ ጠፋች።

ቀና ስትል አቶ ጅግሶ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ወንዙ ውስጥ ገብተዋል።

"ያንን ትልቁን ደግሞ" አሏት፣ "እስቲ አብረን እናንሳው።"