ልሙጡ ክንፍ

ገጠመ! ክንፉ ገጠመላችሁ! ወላሂ ጥፍር አይገባበትም፤ በጣቴ ብሄድበት ብመለስበት መጋጠሚያውን ላገኘው አልቻልኩም። የሠራው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባዬ! "ይሄ መጫወቻ አያልቅም እንዴ?" እያለ ሲያበሽቀኝ የከረመው ሀይረዲን ባትላሜራ፣ የተጋጨ መኪና አቃኚው!

ቆይ፣ ቀስ ልበል። የምሠራው ሞዴል አውሮፕላን ነው። ሳፊር ይባላል፣ ድሮ አየር ኃይላችን አብራሪ ያሠለጥንበት የነበረ። ኪቱ፣ ማለትም የሚገጣጠሙት ቁርጥራጮች፣ ጥቂት ብቻ ተመርቶ የቀረ ዓይነት ስለሆነ እንደሌላው ቀጭ ብሎ አይገጥምም፤ ሞርዳችሁ፣ ሞልታችሁ፣ አልቅሳችሁ ነው። ክንፉና ሆዱ መሀል ገደል ነበር። ሲያቅተኝ አባዬ ጋራዥ ወሰደው፣ የመኪና ስቱኮ ሞላበት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው።

"ያንን ብጉሩንም ሁሉ አንስቼልሻለሁ" ይለኛል አሁን ደረጃውን ስንወርድ፣ ፊቱ በርቶ።

ብጉር የሚለው ሪቬቶቹን ነው። የእውነተኛው አውሮፕላን ቆርቆሮ የተያያዘበትን ምስማር ለማሳየት ክንፉ ላይ ችፍ ያሉትን ነጠብጣቦች። ባትላሜራ ፊት ያበጠ ነገር ሁሉ ጥፋት ነው። ክንፉ አሁን የአዲስ ቪትዝ ኮፈን መስሏል። ታዲያ ምን ልበለው? "ያምራል አባዬ" እለዋለሁ። ደሞ ያምራል!

የምንሄደው ምድር ቤት፣ ጎረቤታችን አባባ መገርሳ ጋ ነው። ደብረ ዘይት አየር ኃይል የሳፊር ቆርቆሮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰውዬ ናቸው። አይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ የሚያዩት በጣታቸው ነው። ልጃቸው አለሚቱ "አባባ መርሳት ጀምሯል፣ ከእንግዲህ ብቻውን ከቤት አይወጣም" ብላ ሙጭጭ ብላለች። እሳቸው ደግሞ እምቢ። "ሰዓዳ ሳፊሯን ትጨርስ፣ የእያንዳንዱን ሪቬት ቦታ እነግርሻለሁ። ያኔ ማን እንደረሳ እናያለን። ከተሳሳትኩ የቤቱን ቁልፍ አስረክብሻለሁ" ብለዋታል። የሠራሁትም ለዚህ ነው። እንዲያሸንፏት!

"ማነው?" ይላሉ ከሶፋቸው።

"ሰዓዳ ነኝ አባባ። ሳፊሩ መጣሎት!"

"ኮቱ፣ ኮቱ!" ይሉኛል በኦሮምኛቸው። "ነይ አቀብይኝ። አለሚቱ! ነይ ተቀመጪ፣ ፈተና ላይ ነኝ።"

አለሚቱ እጇን በፎጣ እየጠረገች ከኪችን ትወጣለች። "እሺ ተማሪ፣ ኩረጃ የለም" ትላለች። አባዬ በሩ ጋ ቆሟል፣ እጁን ኪሱ ከቶ። ሙገሳ የሚጠብቅ ልጅ ነው የሚመስለው።

ጣታቸው ከጭራው ይጀምራል። እሱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አባዬ አልነካውም። "ይኸው! አንድ ረድፍ፣ ከሱ ሥር ደግሞ ሌላ። ይቺ ማጠፊያው ናት። አንቺ ልጅ፣ ያን የሚያህል ነገር እንዴት ብለሽ ነው እንዲህ ያሳነስሽው?" እኔ መዝለል ነው የቀረኝ። አለሚቱ ራሷ ቅንድቧን ሰቅላለች።

"አሁን ክንፍ። ከሥሩ ተነስቶ እስከ ጫፍ የሚሄድ የሪቬት መስመር አለ። በእጄ ነው የመታሁት፣ በሕልሜም አልስተው።"

ጣታቸው ይሄዳል። ይመለሳል። ደግሞ ይሄዳል።

አሁን ገና ገባኝ። እንዴት እስካሁን ትዝ ሳይለኝ ቀረ? እንጃ! በመጋጠሚያው ሰክሬ ነዋ!

"ሰዓዳ" ይላሉ ቀስ ብለው። "እዚህ ጋ ሪቬት የለም እንዴ?"

አባዬን አየዋለሁ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቋል። ገብቶታል። ደንበኛ በሰው ፊት ሲጮህበት እንኳን እንደዚህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። አለሚቱ ታየኛለች። አባዬ ያየኛል። ከአባባ መገርሳ በቀር ሁሉም እኔን ነው የሚያየው።

"የለም አባባ" ይላል አፌ። "ኪቱ ልክ እንደ እውነተኛው ነው፣ ሲመጣም እንዲሁ ልሙጥ ነበር።"

አባዬ አያርመኝም። ጫማውን ያያል።

"በሁለቱም በኩል?"

"በሁለቱም።"

ጣታቸው ክንፉ ላይ እንዳለ ነው። "እንግዲያው ከሌላ አምታትቼዋለሁ ማለት ነው" ይላሉ። "እንዴ… እኔ እኮ በእጄ…" ሊስቁ ይሞክራሉ፣ አይመጣላቸውም። ከዛ ኪሳቸው ገብተው የቤቱን ቁልፍ ያወጡና አለሚቱ ወደሌለችበት በኩል ይዘረጉታል። "እንኪ ልጄ። እውነትሽን ነው።"

አለሚቱ ቶሎ አትቀበላቸውም። ያሸነፈ ሰው ፊት የላትም።

"አንቺ ግን ጎበዝ ነሽ" ይሉኛል ወደኔ ዞረው። "መጋጠሚያው አይታወቅም።"

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ይሄን የምጽፍላችሁ እዛው በራቸው ፊት ለፊት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው። አባዬ ከጎኔ ነው፣ ከጥፍሩ ሥር ስቱኮ እየፈለቀቀ። "እንሂድ" አይል፣ "እንመለስ" አይል። ብናገር፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የኔን ነገር በእጁ የነካው አባቴ እዛ ሳሎን ውስጥ ሊያፍር ነው። ዝም ብል፣ እሳቸው በሚያስታውሱት ነገር ሁሉ እየተጠራጠሩ ሊኖሩ ነው። ከውስጥ የአለሚቱ ድምፅ ይሰማኛል፣ የምትለው ግን አይለይም። በሩ ገና አልተቆለፈም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?