በምላስ የተፈተነ ሳሙና

ሳሙና ሠሪው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳሙናውን የሚፈትነው በምላሱ ነው። የተቆረጠውን ሳሙና ጫፉን ላስ ያደርገዋል። ከቆነጠጠው ኮስቲክ ሶዳው በዝቷል ማለት ነው፤ ዘይት ተጨምሮበት እንደገና ይቀቀላል። ካልቆነጠጠው ይታሸጋል።

ዘንድሮ አንድም ቀን አልቆነጠጠውም። "እጄ እያደር ሰላ" እያለ ይኩራራ ነበር።

ሳሙናው ግን ሰው መላጥ ጀመረ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ፊታቸው የቀላ ሁለት ደንበኞች ይዞ መጣ። በማግስቱ አንዲት እናት የተሰነጣጠቁ ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችው።

"ቆዳ በተፈጥሮው ትንሽ ወደ አሲድ ያደላል፤ ሶዳ ሲበዛበት ይደርቅና ይላጣል" አለው ሊያማክረው የሄደው የሰፈሩ ፋርማሲስት። "ይህን ወረቀት ይውሰዱ። ሳሙናውን ሲያስነኩት ቀለሙ ይነግርዎታል።"

"ወረቀቱን ለተማሪ ስጠው፤ የኔ ይቺውና!" ብሎ ምላሱን አወጣለት።

መንገድ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። እሱ ካሳለፈው በኋላ ሳሙናውን የሚነካው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጠቅልላ የምታሽገው ምራቱ። ልጁ ከሞተ ወዲህ ከዚህ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ታዲያ ካለ ጓንት የማትነካው ምን ብታውቅ ነው? ሰሞኑን የምትሠራው ምግብ እንኳ ለዛ የለውም። ልቧ ሌላ ቦታ ነው።

ሦስት ቀን ዕረፍት አጣ። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ በበሩ ቀዳዳ ያያታል። ምንም አላገኘባትም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ አለ ለራሱ።

ዓርብ ጠራት።

"ሶዳ የምትነሰንሺበት ማን ልኮሽ ነው?"

"በሟቹ ልጅዎ እምላለሁ አባባ! እኔ መጠቅለል ብቻ ነው ሥራዬ።"

"ጓንቱስ?"

"ያቃጥለኛላ! ስንቴ ነገርኩዎት?"

"እኔን ምላሴን ያላቃጠለኝ አንቺን እጅሽን ያቃጥልሻል? ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ!"

ዕንባዋ መጣ። ወደ ጓዳ ገባች። ቆይታ ሻይ አፍልታ አመጣችለትና እስኪጨርስ ፊቱ ቆማ ጠበቀችው። ንዴቱ ትንሽ በረድ አለ።

"ጣፈጠዎት?"

"መቼም ሻይ ላይ አትታሚም" አለ አፉን እየጠረገ። "ስኳሩ በልኩ ነው።"

"ስኳር አልነካሁም አባባ፤ ሦስት ማንኪያ ጨው ነው።"