ድመቷ ያልበላችው ጉበት

ዓሣ ሻጯ የዓሣ ሆድ በቀደደች ቁጥር ድመቷ ጉበቱን ከእጇ መንትፋ ነበር የምትበላው። ዛሬ ግን ጉበቱ እንደ ሰም ገርጥቶ፣ ሲነኩት የሚፈርስ ሆኖ ወጣ። ድመቷ አሸተተችው፤ ጆሮዋን አጥፋ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ዓሣው ከሚጠመድበት ኩሬ በላይ የምትረጨው የአረም መድኃኒት ነው ይሄን ያመጣው» አለችው ባሏን።

«ድመትሽን ጥጋብ ነው የያዛት! ጉበቱን ጣይና ሥጋውን ለእናትሽ ጥበሺላቸው፤ እሳቸው እንደሆኑ አይመርጡም» ብሎ እየሳቀ ሶፋው ላይ ተንጋለለ።

ድመቷ እንደ ልማዷ ሆዱ ላይ ልትተኛ ዘላ ወጣች። ቀኝ ጎኑን፣ ልክ ጉበቱ ያለበትን ቦታ አሸተተች። ጆሮዋን አጥፋ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ምን ሸተታት?» አለ።

«ምንም» አለችው ሚስቱ፤ ለእናቷ የተባለውን ዓሣ ለእሱ ጣደችለት።